ጥቅልና ዝርዝር



«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጠብና ሙግት ሲመረመር ነው፤ ለቃላት ምርመራ ግን ይልቁንም ያገለግላል። በየቀኑ የምንጽፈውና በማኅተም የምናጸድቀው ቃል ከወዴት እንደ ተነሣ ብንጠይቅ፣ ቃሉ ራሱ ስለ ሥራችን የሚነግረን ነገር አለው። ዛሬ የምንመረምረው «ጠቀለለ» የሚለውን ቃል ነው።

እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ይህን ቃል ሳይነኩ የሚውሉበት ቀን የለም። ወረቀትና ቀለም ሲያልቅብዎ የሚጠይቁት «ጠቅላላ አገልግሎት» የተባለውን ክፍል ነው። የሒሳቡ ሰነድ ከታች በኩል «ጠቅላላ ድምር» የሚል መሥመር አለው። ሪፖርቱ «ማጠቃለያ» በሚል ርእስ ያልቃል። ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ «ጠቅላላ ጉባኤ» ይጠራል። ሠራዊቱ «ጠቅላይ መምሪያ»፣ ዳኝነቱ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት»፣ ቤተ ክርስቲያኑ «ጠቅላይ ቤተ ክህነት»፣ መንግሥቱም «ጠቅላይ ሚኒስትር» አለው። ከወረቀት መጠየቂያ ቅጽ እስከ መንግሥት መሪነት ድረስ አንድ ቃል ተዘርግቶ ይገኛል ማለት ነው።

የቃሉ ሥር ግን በቢሮ አልበቀለም። የበቀለው በቤት ውስጥ ነው። ማለዳ የሚነሣ ሰው ያደረበትን ሰሌን ከአንዱ ጫፍ ይዞ እያሽከረከረ ወደ ሌላው ጫፍ ሲያደርሰው ጠቀለለ ይባላል። እናት እንጀራውን ከወጡ ጋራ አድርጋ ስታጐርስ ትጠቀልላለች። ቅጠሉ ተደራርቦ ድቡልቡል የሆነው አትክልት ጥቅል ጎመን ነው። ብርድ የመታው ልጅ በጋቢው ተጠቅልሎ ይተኛል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች አብረው ይታያሉ፤ ተዘርግቶ የነበረው ይሰበሰባል፤ የተሰበሰበው ሳይቈረጥ ሳይቀደድ አንድ ይሆናል፤ አንድ የሆነውም በእጅ ለመያዝና ለመሸከም የሚመች ይሆናል።

ከዚህ የእጅ ሥራ ሌሎቹ ትርጕሞች ተራ በተራ ወጡ። የተጠቀለለ ነገር በውጭ የተረፈ ጫፍ የለውምና «ጠቅላላ» ማለት ምንም ያልቀረበት፣ ሙሉው ማለት ሆነ። ሥራው ሲያልቅ ስለሚጠቀለል «ማጠቃለል» መፈጸም ሆነ። ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ሠራተኛ ዕቃውንና ቤተ ሰቡን ይዞ ሲሄድ «ጠቅልሎ ወጣ» ይባላል፤ አይመለስም ማለት ነው። አንድ ሰው ለሌሎች ሊካፈል የሚገባውን ሁሉ ለራሱ ሲያደርግ ደግሞ «ጠቅልሎ ያዘው» እንላለን። እንግዲህ ያው ቃል መሰብሰብንም መንጠቅንም ይናገራል። ይህን ልዩነት ክቡር አንባቢ በልብዎ ያኑሩልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጠቀለለ ብቻውን የቆመ ቃል አይደለም፤ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉት። አማርኛችን የመጠቅለልንና የመዞርን ሥራ በየመልኩ ለይቶ የሚጠራ ቋንቋ ነው። ካህኑ ነጩን ሻሽ በራሱ ላይ ሲያዞር ይጠመጥማል፤ ከዚህም ጥምጥም የሚለው ስም ተገኘ። ሐረግ በዛፍ ላይ፣ ልጅም በእናቱ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ሸማኔው የተፈተለውን ክር በቀጭኑ ቀሰም ላይ ሲያዞር ይደውራል፤ መሣሪያውም ማዳወሪያ ነው። ክርን መላልሶ ማዞር ማጠንጠንም ይባላል፤ ዛሬ ጋዜጠኞች «ንግግሩ በትምህርት ጉዳይ ላይ ያጠነጥናል» ሲሉ ሳያውቁት ከሸማኔ ቤት ቃል ተበድረዋል። አንድ ሐሳብ እየዞረ የሚጠመጠምበት መካከል አለው ማለታቸው ነውና።

መጠምዘዝ ግን ሌላ ነው። በመጠምዘዝ ውስጥ ኀይል አለ፤ የተጠመዘዘው ነገር በፈቃዱ አልዞረም። እጅ ይጠመዘዛል፤ የሰውም ቃል ያላለውን እንዲል ሆኖ ይጠመዘዛል። መንገድ እንኳ ተራራ ሲያስገድደው ጠመዝማዛ ይሆናል። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የተጓዘ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ከአላማጣ ሜዳ ወደ ኮረም የሚያወጣው የግራ ካሱ ዳገት፣ ከማይጨውም በኋላ የሚመጣው የአምባላጌ መንገድ፣ ተሳፋሪው አሁን ያለፈበትን ከእግሩ በታች እያየ የሚወጣበት ነው። ጠመዝማዛነቱ ግን ከንቱ አይደለም፤ ያለ እርሱ መኪና ተራራውን ባልወጣው ነበር።

የክር ነገርም እንዲሁ ነው። ጥጥ በእንዝርት ሲፈተል መክረር አለበት፤ ካልከረረ ክር አይሆንም። «ክር» የሚለው ስምና «ከረረ» የሚለው ግሥ በድምፅም በሥራም ጐረቤታሞች ናቸው። ሆኖም ከልኩ በላይ የከረረ ይበጠሳል። ስለዚህ ጠብ ሲበረታ «ነገሩ ከረረ» እንላለን፤ ከልክ ያለፈውንም ሰው «አክራሪ» ብለን እንጠራዋለን። ሴራ ደግሞ እንደ ጠጕር ይጐነጐናል፤ እንደ ገመድም ይሸረባል። እንግዲህ ስለ ሰው ጠባይ ስንናገር አፋችን ዘወትር ወደ ፈታይዋና ወደ ሸማኔው እጅ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ የአማርኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ፈተለ የሚለው ግሥ በግዕዝም በትግርኛም አለ፤ መቀሌ ከተማ ክር ለመግዛት የሚገባ ሰው የሚጠይቀው «ፈትሊ» ብሎ ነው። ዐረብኛም በዚሁ ሥር ማክረርንና መጐንጐንን ይናገራል። በዕብራይስጥም ሥሩ መጠምዘዝና መታገል ማለት ነው፤ ከያዕቆብ ልጆች አንዱ ንፍታሌም የተባለው ከዚህ ሥር ነው። ትግል ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠመዘዙበት ስለ ሆነ ስሙ ከፈትል ሥር ወጣ።

ወደ ፈረንጅ አገርም ብናልፍ ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። እንግሊዞች ክር ለማጠንጠንም፣ ለመንገድ መጠምዘዝም፣ ሰዓት ለመሙላትም የሚጠቀሙበት «ዋይንድ» የሚል አንድ ቃል አላቸው። እኛ ሰዓትን እንደ እንስራ እንሞላለን፤ እነርሱ ግን እንደ ክር ያጠነጥናሉ። ነፋስ ለሚባለውም ነገር ፊደሉ ያው ነው፤ ንባቡ «ዊንድ» ነው እንጂ፤ ምንጫቸው ግን የተለያየ ነው። በትምህርት ቤት «ጎ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ላለፈ ጊዜ ሲሆን «ዌንት» እንዲሆን ተምረናል፤ ለምን እንዲህ ተለወጠ ብሎ ያልተደነቀ ተማሪ የለም። ምክንያቱ «ዌንት» የሌላ ግሥ ልጅ ስለ ሆነ ነው፤ ያ ግሥ «ዌንድ» ይባላል፣ ትርጕሙም መዞር ሲሆን የ«ዋይንድ» የቅርብ ዘመድ ነው። እንግሊዛዊ «ሄድሁ» ባለ ቍጥር በጥንቱ ቃል «ዞርሁ፣ ተጠመዘዝሁ» ማለቱ ነው።

ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን «ሮል» የሚለው ሌላው ቃላቸው ነው፤ ትርጕሙ ጥቅል ማለት ነው። ይህ ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን በጥንቱ ትንሽ መንኰራኵር ማለት ነበር። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሒሳብና የፍርድ መዝገብ የሚጻፈው በብራና ጥቅል ላይ ነበር፤ ለዛሬ ከተረፉት የግምጃ ቤት ጥቅሎች የመጀመሪያው በ1130 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። ከከፍተኞቹ የእንግሊዝ ዳኞች አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ «የጥቅሎች አለቃ» በሚል ማዕርግ ይጠራል። የደመወዝ ዝርዝርን «ፔይሮል» የሚሉትም ስሙ ሁሉ በጥቅል ላይ ይጻፍ ስለ ነበር ነው። መጽሐፍን «ቮልዩም» ማለታቸውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ይህም በላቲን የተጠቀለለ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው «ኮንትሮል» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል ዛሬ ገበሬው ሳይቀር ያውቀዋል። የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ሲፈታም «የጥቅል ተቃራኒ ጥቅል» ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሹም ገንዘብ ሲቀበልና ሲከፍል በጥቅሉ ላይ ይጽፋል፤ ሁለተኛ ሰው ደግሞ ያንኑ በሌላ ጥቅል ይጽፋል። በኋላ ሁለቱ ጥቅሎች ተዘርግተው ጐን ለጐን ሲነበቡ ስሕተት ወይም ስርቆት ይገለጣል። እንግዲህ ቍጥጥር ማለት በመሠረቱ ጥቅልን መዘርጋት ነበረ እንጂ ሰውን ማስፈራራት አልነበረም። የእኛም «ቍጥጥር» ከመቍጠር የወጣ ቃል ስለ ሆነ ከዚህ አሳብ ጋራ ይስማማል።

በአገራችን ግን መዝገብ የመጠቅለል ልማድ እንደ እንግሊዝ አልነበረም። በብራና ጥቅል ላይ ይጻፍ የነበረው በተለይ በሽተኛ የሚይዘው ክታብ ነበር። የርስትና የጕልት ስጦታ የሚጻፈው በተጠረዘው ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ነበር፤ ቃል ኪዳኑ ከቅዱሱ መጽሐፍ ጋራ እንዲጠበቅ ነው። ስለዚህ «ጠቅላላ» የሚለው ቃላችን ወደ ቢሮ የገባው ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከሰሌኑና ከሸማው ይመስላል። የፈረንጁን ቃል የወለደው ዕቃ ነው፤ የእኛን የወለደው እጅ ነው።

አሁን ወደ ማዕርጉ እንምጣ። «ጠቅላይ» ማለት በሰዋስው ረገድ የሚጠቀልል ማለት ነው። ገደለ ካለው ገዳይ፣ ከፈለ ካለው ከፋይ እንደሚወጣ፣ ጠቀለለ ካለውም ጠቅላይ ይወጣል፤ «ለ» ወደ «የ» መለወጡ የቋንቋው ደንብ ነው። ስለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲባል የሚኒስትሮችን ሥራ ወደ አንድ የሚሰበስብ ሚኒስትር ማለት ነው። በዚህ ማዕርግ መጀመሪያ የተጠሩት መኰንን እንዳልካቸው ናቸው፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ይዘውት ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ቃሉን ተቀብሎታል።

በመቀሌ የሚሠራ ጸሐፊ ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ በግልጥ ሊያየው ይችላል፤ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ የሚመጣውን ደብዳቤ ለክልሉ ሥራ በትግርኛ ማዘጋጀት ግዴታው ነውና። በአማርኛው «ጠቅላይ ሚኒስትር» ያለውን በትግርኛ «ቀዳማይ ሚኒስተር» ብሎ ይጽፈዋል፤ መጀመሪያው ሚኒስትር ማለት ነው። እንግሊዝኛውም «ፕራይም» ሲል ከላቲን የተወረሰው ቃል መጀመሪያ ማለት ስለ ሆነ ከትግርኛው ጋራ ይተባበራል። ሹመቱ አንድ ነው፤ አሳቡ ግን ሁለት ነው። ትግርኛና እንግሊዝኛ ሰውየውን በተራ ያስቀምጡታል፤ ከሁሉ ፊት የቆመ ነው ይላሉ። አማርኛ ግን በሥራው ይጠራዋል፤ የሁሉን ጫፍ የያዘ ነው ይላል። ፊት መቆም ክብር ነው፤ ጫፍ መያዝ ግን ዕዳ ነው። አንድ ክር ከእጁ ቢያመልጥ ጠቅላይነቱ ጐደለ።

የአገር አከፋፈል ስሞቻችንም ይህንኑ ያሳዩናል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ አደራጃት፤ መቀሌም የትግራይ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ወረዳው የየመንደሩን ነገር ይሰበስባል፤ አውራጃው የወረዳዎቹን፣ ጠቅላይ ግዛቱ የአውራጃዎቹን፣ አዲስ አበባ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቶቹን ይጠቀልላል። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ጠቅላይ ግዛት ቀርቶ «ክፍለ ሀገር» ተባለ፤ ይህ ቃል ከመክፈል የወጣ ነው። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጋራ የጸናው «ክልል» ደግሞ ከመከለል የወጣ ነው። አንደኛው ስም መሰብሰብን፣ ሁለተኛው መከፈልን፣ ሦስተኛው መከበብን ይናገራል። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ማለት የዛሬው ንግግሬ አይደለም። ስሙ በተለወጠ ቍጥር ግን አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ወሬና ቍጥር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው መጠቅለሉ አልቀረም።

ዋናው ቁም ነገራችንም እዚህ ላይ ነው። የጥቅል ተቃራኒ ማነው ብለን ብንጠይቅ አማርኛ ያለ ማመንታት «ዝርዝር» ብሎ ይመልሳል። መቶ ብር የያዘ ሰው ሲቸገር «ዘርዝርልኝ» ይላል። ፈጅ ያልሆነው ወንፊት «ዘርዛራ» ይባላል፤ በቀዳዳው መካከል ብርሃን ይታያልና። ምስክር «በዝርዝር አስረዳ» ይባላል። እንግዲህ መጠቅለል ብዙውን አንድ ማድረግ ሲሆን፣ መዘርዘር አንዱን መልሶ ብዙ ማድረግ ነው። ጥሩ ጥቅል ማለት በተፈለገ ጊዜ ሊዘረጋ የሚችል ነው። ሊዘረጋ የማይችል ጥቅል ግን ጥቅል አይደለም፤ ቋጠሮ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ክቡር አንባቢ፣ አምስት ቀበሌዎች ያሉት አንድ ወረዳ በአሳብዎ ይሳሉ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ 200 ኩንታል እህል ያስፈልገዋል እንበል፤ ለሁሉም 1,000 ኩንታል ነው። እህሉ መጣ፤ ሪፖርቱም «የሚያስፈልገው 1,000፣ የደረሰው 1,000፤ በጠቅላላው ሙሉ ነው» ተብሎ ተጻፈ። በድምሩ ላይ ስሕተት የለም። ዝርዝሩ ሲታይ ግን አራቱ ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው 250 ኩንታል ወስደዋል፤ አምስተኛው መንገዱ ጠመዝማዛ ስለ ሆነበት አንድም ኩንታል አልደረሰውም። ጠቅላላው እውነት ተናገረ፤ አምስተኛው ቀበሌ ግን በእውነቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ጠፋ።

ይህ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን አገራችን በምሳሌ ብቻ አላወቀችውም። በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረሐብ ገባ። የተራበው ሰው ብዛት ለዓለም የተገለጠው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሕዝብ አልቆ ነበር። በኋላ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነገሩን መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሐብ ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። ይህ ሰው በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ነው። ሴን የደረሰበት ይህ ነው፤ በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ጠቅላላ የእህል ምርት ከወትሮው እምብዛም አልወረደም፤ በወሎ ግን ምርቱ ክፉኛ ወድቆ ነበር። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። ምክንያቱ እህል ስለ ተረፈ አይደለም፤ ማሳው የደረቀበት ገበሬ መግዣ ገንዘቡም አብሮ ስለ ደረቀበት ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌሎች ከተሞች እህል ይጫን እንደ ነበረ ጽፏል።

ይህን ነገር ደጋግመን ልናስበው ይገባናል። የአገሩን ጠቅላላ ምርት ብቻ ያየ ሹም፣ የገበያውንም ዋጋ ብቻ የጠየቀ ነጋዴ «ችግር የለም» ቢል ከቍጥሩ አልወጣም። ከሰዉ ግን ወጥቷል። ድምሩ አልዋሸም፤ ነገር ግን ድምር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ስንት አለ?» ሲሉት ይመልሳል፤ «ለማን አለ?» ሲሉት ዝም ይላል። ለዚህኛው ጥያቄ የሚመልሰው ዝርዝሩ ብቻ ነው።

ከመቀሌ ገበያም አንድ ትምህርት እንውሰድ። ከአፋር ቆላ፣ ከበረሃው የጨው ሜዳ ተቈርጦ በበራሕለ በኩል በግመል ይወጣ የነበረው አሞሌ መቀሌ ሲደርስ በገመድ ታስሮ በጭነት መልክ ነበር። ብልህ ነጋዴ ጭነቱን በሩቅ አይቶ ገንዘቡን አይቈጥርም ነበር፤ ገመዱን አስፈትቶ እያንዳንዱን አሞሌ ያይ ነበር እንጂ። ይህን ያደርግ የነበረው ግመል ነጂውን ስለሚጠራጠር ብቻ አልነበረም። መንገዱ ረጅም ስለ ነበር ነው፤ በረጅም መንገድ ላይ የሚሰበር ነገር አለና። ከወረዳ ተነሥቶ እስከ ሚኒስቴር የሚደርስ ሪፖርትም ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ በየደረጃው ሲጠቀለልና ሲታሰር አንድ አንድ አሞሌ ይሰበርበታል።

ታዲያ አንጠቅልል ማለቴ ነውን? አይደለም። ሳይጠቀለል የቀረ ክር ይተበተባል እንጂ ሸማ አይሆንም። ሚኒስትር የእያንዳንዱን መንደር ወረቀት ሊያነብ አይችልም፤ ቢሞክርም ሥራው ይቆማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ማበር ኀይል ስለ ሆነ ነው፤ አስተዳደርም ማለት ማበር ነው። የምለው ግን መጠቅለል ሥራ እንጂ ሽሽት አይሁን ነው። ዝርዝሩን አንብቦ የሚያጠቃልል ሰው አለ፤ ዝርዝሩን ላለማንበብ «ጠቅለል ባለ አነጋገር» የሚል ሰውም አለ። ሁለቱ በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ በባለ ጉዳዩ ቤት ግን አንድ አይደሉም።

ስለዚህ፣ ክቡር አንባቢ፣ ነገ በጠረጴዛዎ ላይ «በጠቅላላው» የሚል ቃል ሲያገኙ፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ሊጽፉት ብዕርዎን ሲያነሡ፣ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ይህ ጥቅል ቢዘረጋ ዝርዝሩ በእጃችን አለን? የድምሩ ወረቀት ተይዞ የስም ዝርዝሩ ከጠፋ፣ የተረፈው ቋጠሮ ነው። ሁለተኛ፣ ከሁሉ ያነሰውን የያዘው መሥመር የትኛው ነው? ትልቁ ቍጥር ራሱን ያሳያል፤ ታናሹን ግን ፈልገን ካላገኘነው አይታይም። ሦስተኛ፣ ተቃራኒ ጥቅል አለን? ይኸውም ሌላ ሰው፣ በሌላ እጅ፣ ያንኑ ነገር ጽፎታልን? አንድ ሰው ብቻውን ጽፎ፣ ብቻውን ደምሮ፣ ብቻውን ያጸደቀው ነገር አልተጠቀለለም፤ ጠቅልሎ ተያዘ እንጂ።

ቀደም ሲል በልብዎ እንዲያኖሩት የለመንኩዎ የቃሉ ሁለት ፊት ይህ ነበር። መሰብሰብና መንጠቅ በአንድ ግሥ የተጠሩት ቋንቋችን ደኽይቶ አይደለም። እጁ አንድ ስለ ሆነ ነው። ያው እጅ ሰሌኑን ለሁሉ ጠቅልሎ ያነሣል፤ ያው እጅ ለራሱ ጠቅልሎ ይወስዳል። የሚለያቸው ጥቅሉ በሰው ፊት ሊዘረጋ መቻሉ ነው። ሰሌኑ ማታ ተመልሶ ይዘረጋል፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ ይተኛበታል። የተነጠቀው ግን ሳይዘረጋ ይቀራል።

አባቶቻችን መሪያቸውን በማዕርግ ሲጠሩ መጀመሪያው ወይም ትልቁ ብለው ማቆም ይችሉ ነበር፤ የሚጠቀልል የሚለው ስም ግን በቋንቋችን ጸንቷል። ይህ ስም ለሹሙ ብቻ አልተሰጠም። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የአንዲት መንደርን ስም ዝርዝር የሚያጠናቅረው ወጣት ጸሐፊም በራሱ ደረጃ ጠቅላይ ነው። የእርሱ ክር ካመለጠ፣ ከእርሱ በላይ ያለው ሁሉ ቢተጋም መልሶ አያገኘውም፤ የላይኛው የሚጠቀልለው የታችኛው ያቀበለውን ብቻ ነውና።